ቺንጋው ሲጮህ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ሲነሳ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ሲጢጢጢጥ ብሎ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ። በልጅነቴ ያ ድምፅ የሚወጣው ከእኛ ግቢ ነበር። አባቴ ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ነበረችው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩ ፊት የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቀየረላት። በተቀየረ ቁጥር ሁለት ሳምንት ያህል ጸጥ ትላለች። ከዚያ ትጀምራለች። ሦስተኛው ቺንጋ አባይ በረሃ፣ ደጀን ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ተበጠሰ። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ቆመ፣ ውሃው ፈላ፣ እኛም ፀሐይ ላይ ቀረን።

ቺንጋው ግን ምንም አላጠፋም ነበር። ሲጮህ የከረመው የሌላውን ጥፋት ሊነግረን ነው። እኛ ደግሞ ነጋሪውን እያወጣን እንጥል ነበር። ጥፋቱ የት እንደነበር ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም። የቺንጋ ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ ኪሱን ከመዳበሱ በፊት ጆሮ እንዲሰጥ እፈልጋለሁ።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት ዲኤክሶች፣ ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። እነሱን ማቆየት የምንችለው ደግሞ ትንንሹን ችግር በጊዜ ስናውቀው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። ሞተር ሲሠራ ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ይዞራል። ከክራንኩ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ፑሊ፣ ማለትም ባለ ቦይ መንኮራኩር፣ አለ። ቺንጋው ከእሱ ላይ ተነስቶ ሌሎቹን ፑሊዎች ያዞራል፤ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፑን፣ ካለ ደግሞ የመሪውን ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕረሰር። እንደ ዲኤክስ ባሉት ላይ ቬንትሌተሩም ከውሃ ፓምፑ ፊት ተሰክቶ በዚያው ቺንጋ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪ መሙላትም፣ ሞተር ማቀዝቀዝም አብረው ይቆማሉ። እየነዳችሁ የባትሪው መብራት ድንገት ከበራና የሙቀት መርፌው መውጣት ከጀመረ ሌላ አትጠርጥሩ። ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ያንን ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ያረጀበት መኪና ላይ ግን ላላ ያለ ቺንጋ ብቻውን ሞተር ለማፍላት ይበቃል።

ቺንጋ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ወፍራምና ጠባብ ሆኖ ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ ቢቆረጥ ፊቱ እንደ ሽብልቅ ይታያል። የሚይዘውም እንደ ሽብልቅ ነው። በፑሊው ቦይ ውስጥ በሁለቱ ጎኖቹ ይጣበቃል እንጂ ታችኛውን ወለል መንካት የለበትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ብዙ ትነግራችኋለች። መኪናዋ ጠፍታ ሳለ በእጅ ባትሪ የፑሊውን ቦይ ታች እዩ። ታችኛው ወለል እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ቺንጋው ወርዶ ወለሉን እየነካ ነው ማለት ነው። ወይ ቺንጋው አልቋል፣ ወይ የፑሊው ጎኖች ተበልተዋል። ፑሊው ከተበላ አዲስ ቺንጋ ብትገዙም ያው ይሰምጣል፣ ያው ያሟልጫል። ስታጠብቁት ትንሽ ይታገሳል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጠፍጣፋውና በውስጥ በኩል ባለ ብዙ መስመሩ ነው። ቪትዝ ላይ የምታዩት እሱ ነው። በአንዳንድ መኪና ላይ አንዱ ረጅም ቺንጋ ሁሉንም ያዞራል። በጀርባው ላይ ሰው ብዙም የማያነበው ቁጥር አለ። ለምሳሌ 6ፒኬ1070 ማለት ባለ 6 መስመር፣ ርዝመቱ 1070 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጠባቡ ቺንጋ ላይም ወርዱና ርዝመቱ ይጻፋል፤ ወርዱ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 13 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንሂድ። ድምፅን በስሙ መጥራት ግማሽ ምርመራ ነው። ረጅም ሲጥጥጥ የሚል ካለ ቺንጋው እያሟለጨ ነው። እንደ ጫጩት ጪው ጪው እያለ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ቺንጋው መስመሩን ስቷል። እንደ እህል ወፍጮ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የኩሽኔታ (ፑሊው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው፣ ቺንጋውን እርሱት።

ሲጥጥ የሚለው መቼ እንደሚመጣ ልብ በሉ። መሪ ጥግ ድረስ ስታዞሩ ከጮኸ ጭነቱ ከመሪው ፓምፕ ነው። ኤሲ ሲበራ ከሆነ ከኮምፕረሰሩ ነው። የፊት መብራት ስታበሩ ከሆነ ዲናሞው ጋ ነው። ጠዋት እንደተነሳች ጮኻ ከሁለትና ሦስት ደቂቃ በኋላ ዝም የምትል መኪና አለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባትሪው ደክሞ ከሆነ መኪናዋ እንደተነሳች ዲናሞው ያንን ባዶ ባትሪ ለመሙላት በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ለመዞር ይከብዳል። ቺንጋው ያሟልጫል። ባትሪው ትንሽ ሲሞላ ድምፁ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቺንጋ ብቻ መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ባትሪውንም አስለኩት። ሞተር በርቶ ባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ካገኛችሁ ዲናሞው እየሞላ ነው። በክረምት ማለዳ ደግሞ ጤዛና እርጥበት ብቻውን ለጥቂት ሰከንድ ሊያስጮኸው ይችላል። ያ በሽታ አይደለም።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ሙከራ የሚያስፈልገው ትንሽ የሚረጭ የውሃ ጠርሙስ ብቻ ነው። በመስመር ባለው ቺንጋ ላይ በደንብ ይሠራል። ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ፣ አስነሱት። እየጮኸ ሳለ ራቅ ብላችሁ በቺንጋው ውስጠኛ፣ መስመር ባለው ጎን ላይ ትንሽ ውሃ እርጩበት። ድምፁ ወዲያው ጠፍቶ ውሃው ሲደርቅ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ድምፁ ይበልጥ ከጨመረ ውጥረቱ ትንሽ ነው፣ ቺንጋው ልል ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ድምፁ ከቺንጋው አይደለም፤ ኩሽኔታ ፈልጉ። በአንድ ጠርሙስ ውሃ ሦስቱን መለየት ይቻላል። አባቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሁለት ቺንጋ ይተርፈው ነበር።

ከዚህ በፊት ግን አደራ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ አይቀርብም። በእጅ ስትነኩ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። በኤሌትሪክ የሚዞረው ቬንትሌተር ሞተሩ ጠፍቶም ሳለ በድንገት ሊነሳ ይችላል። ጣት የቆረጠ ቬንትሌተር ብዙ ነው።

ድምፁ ከየትኛው ፑሊ እንደሚመጣ ካልለየላችሁ ቺንጋውን አውልቁት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ አዳምጡ፤ የውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ከዚያ በላይ አታቆዩት። ድምፁ ከጠፋ ቺንጋው በሚያዞራቸው ዕቃዎች መካከል ነው። ካልጠፋ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ያ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ፑሊ በጣታችሁ አሽከርክሩ። ጤነኛ ፑሊ ሐር እንደ መንካት ነው፤ ልስልስ ብሎ ዞሮ ይቆማል። የታመመው ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስላል፣ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ቀጥሎ ፑሊውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የውሃ ፓምፕ ላይ ከሆነ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም እዩ። ከእሷ ውሃ ከወረደ ወይም የደረቀ የማቀዝቀዣ ቀለም ካለ ፓምፑ ሊሄድ ነው።

ቺንጋውን መንገድ የሚያሲዙት ትንንሽ ፑሊዎች ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው በየገበያው የሚገኝ ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩ ከጎኑ ተጽፏል። 6203 የሚለውን በተደጋጋሚ ታገኙታላችሁ፤ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው። የፑሊው አካል ደህና ከሆነና ኩሽኔታው ሊወልቅ የሚችል ከሆነ ሙሉውን መግዛት የለባችሁም። ኩሽኔታ ብቻ አስገብተው በፕሬስ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ። በሁለቱም ጎን የጎማ መክደኛ ያለውን ምረጡ። የእኛ መንገድ አቧራና ጭቃ የሚበዛበት ስለሆነ የብረት መክደኛው እንደ ጎማው አይከላከልም።

አሁን ወደ አባቴ ዲኤክስ ልመለስ። አባይ በረሃ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞልን ነበር። ኮፈኑን ከፈተ። ቺንጋው ላይ እንኳ አልተመለከተም። ጎንበስ አለና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጎን አየ። “ዲናሞው የእሷ አይደለም” አለ። ልክ ነበር። ከዓመት በፊት የድሮው ዲናሞ ተቃጥሎ ከሌላ ሞዴል የወጣ ተገጥሞላት ነበር። ፑሊው ከሌሎቹ አራት ሚሊሜትር ያህል ወጣ ብሎ ቆሟል። ቺንጋው በዞረ ቁጥር ወደዚያ እየተጣመመ አንድ ጎኑ ሲበላ ኖሯል። ከመሣሪያ ሳጥኑ ሁለት ሮንዴላ፣ ቡሎን የሚገባበት ስስ የብረት ቀለበት፣ አወጣ። ከዲናሞው እግርና ከማሰሪያው መካከል አስገብቶ ፑሊውን ወደ መስመሩ መለሰው። ከራሱ መለዋወጫ የሚስማማ ቺንጋ ሰጠን። ያ አራተኛው ቺንጋ አራት ዓመት አገለገለን።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቀጥ ያለ ብረት ወይም ማስመሪያ ወስዳችሁ በሁለት ፑሊዎች ፊት ላይ አጋድሙት። ጠርዛቸው እኩል ወፍራም ከሆነ ብረቱ በእያንዳንዱ ፑሊ ሁለት ሁለት ቦታ፣ አራቱንም ነጥብ መንካት አለበት። በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ከ1.5 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካለ ያ ነው ጩኸቱ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የተቀየረ ዕቃ፣ የጠፋ ሮንዴላ፣ የተጣመመ ማሰሪያ ወይም እስከ መጨረሻ ያልተገፋ ፑሊ ነው። ስለዚህ “ዲናሞ ከተቀየረ ወዲህ”፣ “ፓምፑ ከተሠራ ወዲህ” ጩኸት የጀመረች መኪና ካለቻችሁ ፍለጋውን ከዚያ ዕቃ ጀምሩ።

ክራንኩ ላይ ያለው ትልቁ ፑሊ የራሱ ተንኮል አለው። በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ አንድ ብረት አይደለም። ውስጠኛው እምብርትና ውጪኛው ቀለበት በመካከላቸው ባለ ጎማ የተያያዙ ናቸው። ጎማው የሞተሩን ንዝረት ይውጣል። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሙቀትና በዘይት ከኖረ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ይላቀቃል። ያኔ ውጪኛው ቀለበት በራሱ ይንሸራተታል ወይም እየተንጋደደ ይዞራል። ቺንጋው ይጮሃል፣ ይወዛወዛል። ሁሉም ሌላ ነገር ደህና ስለሚመስል መካኒኩም ግራ ይገባዋል።

መለያው ቀላል ነው። ነጭ ቀለም ወይም የጥፍር ቀለም ውሰዱ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከእምብርቱ ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ ቀለበቱ ጫፍ ድረስ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አንድ ሳምንት ንዱና እዩት። መስመሩ ከተሰበረ፣ ማለትም ውስጡና ውጩ ካልተገጣጠሙ፣ ፑሊው አልቋል። ይህ ከቺንጋም በላይ ጣጣ አለው። ነዳጁ የሚቀጣጠልበት ጊዜ የሚስተካከልበት ምልክት ውጪኛው ቀለበት ላይ ባለበት መኪና፣ ቀለበቱ ሲንሸራተት ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። በዚያ የሚያስተካክል መካኒክ በተሳሳተ ምልክት ይሠራል። መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ እሱም ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ቺንጋው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የድሮው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል፤ ገልበጥ አድርጋችሁ ስታጥፉት ይታያል። ጎኑ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በሙቀት ተቃጥሏል። ክሩ ከጎን እየተተረተረ ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይቀየር። አሁን በገበያ ያለው መስመር ያለው ቺንጋ ብዙው ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ነው። እሱ እንደ ድሮው አይሰነጠቅም። እንደ መኪና ጎማ ቀስ ብሎ ያልቃል። “ስንጥቅ የለውም” ብላችሁ አትተማመኑ። ከአዲስ ቺንጋ ጎን አድርጋችሁ መስመሮቹን አወዳድሩ። ቦዩ ከሰፋና ከጠለቀ አልቋል።

ቺንጋው ላይ ዘይት ወይም ራዲያተር ውሃ ከደረሰበት ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያሟልጣል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ዝጉ፣ ፑሊዎቹን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ቺንጋ ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገንዘቡ የባከነ ነው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ቺንጋ ላይ ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ ማሸት ይቅር። ድምፁን ለጥቂት ቀን ያፍነዋል። የሚያፍነው ግን ሊነግራችሁ የነበረውን ነው፤ ቅሪቱም ፑሊው ላይ ተጋግሮ አዲሱን ቺንጋ ያሟልጠዋል።

አዲስ ቺንጋ ስትገዙ አሮጌውን በገመድ ለክታችሁ አትሂዱ። አሮጌ ቺንጋ ይለጠጣል። በጀርባው ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ከተፋቀ የመኪናዋን ዓመትና የሞተሯን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ “ይሄም ይሠራል” የሚላችሁ አይጠፋም። አንድ ሴንቲሜትር ተኩል የሚረዝም ቺንጋ ዛሬ ይገባል። ግን ዲናሞው የመጨረሻው ቦታ ድረስ ተገፍቶ ነው የሚጠብቀው፤ ትንሽ ሲለጠጥ ሌላ የምታጠብቁበት ቦታ አይኖርም።

አገጣጠሙ በአሮጌ መኪኖች ላይ ብዙም አያስቸግርም። ከዲናሞው ሥር ያለውን ዋናውን ቡሎን ታላላላችሁ። ከላይ ረጅም ቀዳዳ ባለው ማሰሪያ ላይ ያለውንም ታላላላችሁ። ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፍታችሁ ቺንጋውን ታወጣላችሁ። አዲሱ እምቢ ካለ በካቻቢቴ እየፈለቀቃችሁ በፑሊው ጠርዝ ላይ አታስገቡት። ውጪው ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ክር ግን ይበጠሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ምክንያት የተቆረጠ ቺንጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ የገባ ነው። ዲናሞውን ይበልጥ አላልታችሁ በእጅ አስገቡት።

ውጥረቱን በአውራ ጣት ነው የምትለኩት። በሁለት ፑሊዎች መካከል ረጅሙን ክፍል መሐሉ ላይ 10 ኪሎ በሚያህል ኃይል ተጫኑ። ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ገደማ ቢገባ ለአብዛኛው ይበቃል፤ የመኪናዋ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ተከተሉ። ብዙ ሰው “እንዳይጮህ” ብሎ እንደ ክራር ክር ይወጥረዋል። ድምፁ ይጠፋል። የዲናሞውና የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ግን በዚያ ጉልበት እየተሳበ ያልቃል። የአንድ ቺንጋ ጩኸት ለማጥፋት ፓምፕ መግዛት ይመጣል። አዲስ ቺንጋ አሥር ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ እንደገና ለኩት፣ ያን ጊዜ ላላ ይላል። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላም አንድ ጊዜ።

በራሱ የሚወጥር ስፕሪንግ ያለው መወጠሪያ ካላት የምታዩት ክንዱን ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ክንዱ ጸጥ ማለት ወይም በትንሹ መንቀጥቀጥ ነው ያለበት። ከፍና ዝቅ እያለ የሚጨፍር ከሆነ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም አንዱ ፑሊ እየተንጋደደ ነው።

አንድ ነገር ሳልለይላችሁ እንዳላልፍ። ከሽፋን ጀርባ የተደበቀው፣ የሞተሩ ቫልቮች በጊዜያቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው የታይሚንግ ቺንጋ ሌላ ነው። እስካሁን ያወራነው ከውጪ የሚታየውን ነው። ታይሚንጉ ከተበጠሰ በአንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተር ይበላሻል። እሱን በድምፅ መጠበቅ አይቻልም፤ በኪሎሜትሩ ይቀየራል። ታይሚንግ ቺንጋ ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች ላይ 100,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ ወዲያው አስቀይሩት።

ለረጅም መንገድ ስትወጡ የወረደው አሮጌ ቺንጋ፣ ክሩ እስካልተተረተረ ድረስ፣ ከትርፍ ጎማው ጋር ይቀመጥ። ከጎኑ የዲናሞውን ቡሎኖች የሚፈቱ ሁለት ቁልፎች አስቀምጡ፤ ብዙ ቶዮታ ላይ 12 እና 14 ይበቃል። የቺንጋውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። መንገድ ላይ ሲበጠስ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ከሆነ “ቀስ ብዬ ቀጣዩ ከተማ ልድረስ” አትበሉ። የኤሲው ብቻ ቺንጋ ከሆነ ግን የተበጠሰውን ቁራጭ ሁሉ ከፑሊዎቹ መካከል ለቅማችሁ አውጡና መንገዳችሁን ቀጥሉ።